ሽማግሌ የተላከበት ማኅበራችን

እሑድ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ

ከጸሎት ስመለስ የምሠራበት የቡና ማበጠሪያ ድርጅት ባለቤት የላካቸው ሽማግሌዎች ቤቴ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ለጋብቻዬ አባቴን የለመኑት እሳቸው ነበሩ። ሻይ ባቀርብላቸው እሺ ሳትይን አንቀምስም አሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን የሠራተኛ ማኅበር ተዪው» አሉኝ ኦቦ ገመቹ።

አሥር ካልሞላን ማኅበር አይቋቋምም፤ እኛ ደግሞ ከእኔ ጋር ገና አሥር ነን። ዘጠኙን ቡና ለቃሚ ሴቶች ያግባባሁት እኔ ነኝ። ተደራጃችሁ ብሎ ማባረር በሕግ ክልክል ነው፣ አትፍሩ እያልኩ።

«ኦቦ፣ ሕግ አለ እኮ» አልኳቸው።

«ሕጉን ማን ነካው? ሰውዬው አላባርራትም ብሏል። እኛ ልንለምንሽ ነው የመጣነው።»

ይህን ብለው በዚያ ዕድሜያቸው ተነስተው ሊንበረከኩልኝ ጎንበስ አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ባሌ አፈጠጠብኝ። ክንዳቸውን ይዤ «እሺ» አልኩ። ምን ላድርግ?

ያኔ ሻዩን ጠጡ። ቀዝቅዞ ነበር። መርቀውኝ ሄዱ።

ነገ ጠዋት ዘጠኙ ሴቶች የማበጠሪያው በር ላይ ይጠብቁኛል። ምን እንደምላቸው አላውቅም። ስንፈራ የከረምነው መባረርን ነበር። ማንም አላባረረኝም።