ውሃ አልነበረም፦ የጋሽ ቀስ በሉ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ከተማው ሁሉ «ጋሽ ቀስ በሉ» እያለ የሚጠራቸው የትራክተር መካኒክ፣ ከወፍጮ ቤት ሠራተኛው አባታቸውና ከክር ነጋዴዋ እናታቸው ኅዳር 12 ቀን 1941 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ጆሯቸው ከብዶ ስለነበር የሞተሩን ደኅንነት የሚያውቁት መዳፋቸውን በብረቱ ላይ አሳርፈው ነበር። ጋሽ ቀስ በሉም ሞተርን በመዳፍ ማዳመጥን ከአባታቸው ተማሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ከዚያም በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት የመካኒክነት ሙያ ተምረው በ1960 ዓ.ም. ተመረቁ። በዓመቱ በአንድ ሰፊ እርሻ ጋራዥ ተቀጠሩ። በዚያን ጊዜ ቅጽል ስማቸው ሌላ ነበር። እጃቸው ፈጣን ስለነበረ «መብረቁ» ይሏቸው ነበር። ሌላው ሰው ገና ሞተሩን ዞሮ ሲያይ እሳቸው በሽታውን ተናግረው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ስሙን ይወዱት እንደነበረ ራሳቸውም አልደበቁም።

«ቀስ በሉ» የሚለው ስም እንዴት እንደመጣ ዛሬ በዚህ ቦታ እንዲነበብ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት የሕመማቸው ነገር ሲታወቅ ቤተሰቡን ሰብስበው፣ «ታሪኬን ስትጽፉ ደግ ነበረ፣ ታታሪ ነበረ ብላችሁ እንዳታልፉ። የሰኔውን ነገር ካላነበባችሁ ያነበባችሁት የሌላ ሰው ታሪክ ነው» አሉ። ቃላቸው ተጠብቋል።

በሰኔ ወር 1967 ዓ.ም.፣ የዘር ሥራ በተጣደፈበት ሰሞን፣ የእርሻው አሮጌ የቤንዚን ትራክተር ማሳ መሐል ጠፍቶ ቆመ። ሹፌሩ ማኑቬላውን፣ ያን ሞተር ማስነሻ የብረት እጀታ፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው ቢያዞሩትም አልነሣ አለ። መብረቁ ተጠሩ። ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትተው ከሞተሩ ብረት ጋር አስጠግተው ሲያስዞሩ፣ መታየት የነበረባት ሰማያዊ ብልጭታ የለችም። ሹፌሩ ጽዱ ሰው ነበሩ፤ «ትራክተሩን እንደ ሙሽራ ነው የሚያጥበው» እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። በዚያም ጠዋት አጥበውት ነበር፤ ይህ እውነት ነው። መካኒኩ በሞተሩ ጎን የቀረውን እርጥበት አዩና ሥራ አስኪያጁ በቆሙበት፣ «ውሃ ነው። ማግኔቶውን ውሃ ገድሎታል» አሉ። ማግኔቶ ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው ዕቃ ነው። ሌላ ምንም አልፈተሹም። በሳምንቱ ሹፌሩ በቸልተኝነት ንብረት አበላሽተዋል ተብለው ከሥራ ተባረሩ።

አዲስ ማግኔቶ እስኪመጣ አርባ ቀን ፈጀ፤ የዘሩም ጊዜ አለፈ። መካኒኩ ገጠሙት፣ ማኑቬላው ዞረ፣ ብልጭታ የለም። ከማግኔቶው ወደ ሞተር ማጥፊያው የሚሄድ አንድ ቀጭን ሽቦ አለ። ሽቦው ብረት ከነካ እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱ ቀርቶ በዚያው ይሰርጋል፤ ሞተርም ሲፈለግ የሚጠፋው በዚሁ መንገድ ነው። ሽቦውን ነቅለው እንደገና ሲያስዞሩ ብልጭታዋ መጣች። አሮጌውን፣ ሞቷል ያሉትን ማግኔቶ መልሰው ገጠሙት፤ እሱም ላይ መጣች። ከመሪው ሥር ያለውን ሽፋን ሲከፍቱ ሽቦው በአንድ ብሎን ተጨፍልቆ፣ ላስቲኩ በሞተሩ ንዝረት ቀስ በቀስ ተልጦ፣ መዳቡ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ አገኙት። ትራክተሩ ከመቆሙ ዘጠኝ ቀን በፊት ያን ብሎን በጥድፊያ ያጠበቁት ራሳቸው ነበሩ።

የዚያኑ ዕለት ለሥራ አስኪያጁ ነገሯቸው። መልሱ፣ «የተዘጋ ፋይል አትክፈት፤ ይልቅ ሥራህን ጠብቅ» የሚል ነበር። በጽሑፍም አመለከቱ፤ ደብዳቤው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ሹፌሩ ቤት ሄዱ። በሩን የከፈቱላቸው የሹፌሩ ታናሽ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ነበሩ። እንግዳው ደጃፉ ላይ ሆነው ጥፋታቸውን መናገር ሲጀምሩ፣ «ግባና ተቀመጥ፤ ጥፋት ቆሞ አይነገርም» አሏቸው። ሹፌሩ በዚያን ጊዜ ጡብ ማምረቻ ውስጥ ሸክም ይሠሩ ነበር። እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ፣ «እኔም ውሃ ነው ብዬ አምኜህ ነበር እኮ። አርባ ቀን ሙሉ ገዛ እጄን ስጠላው ከረምኩ» አሉ። ይቅርታውን ግን አልከለከሏቸውም። ሲሸኟቸው፣ «ለእኔስ ነገርከኝ፤ ለሰው ማን ይንገርልኝ?» አሉ።

መካኒኩ ቀሪ ዕድሜያቸውን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ ኖሩ። ከተማው ለሹፌሩ «ውሃ» የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር። ደመና በከበደ ቁጥር፣ «ውሃ መጣ! ትራክተራችሁን አስገቡ!» ይባልባቸዋል። መካኒኩ በጋራዡ፣ በፀጉር አስተካካዩ ቤት፣ በየሠርጉ ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ ተናገሩ፤ ሰው ግን ሳቀ። በ1971 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋን ካገቡ በኋላማ ምስክርነታቸው ጨርሶ ዋጋ አጣ። «ለአማቹ ብሎ ነው፤ ምን ያድርግ፣ ቤቱ ውስጥ ሰላም ይፈልጋላ!» ተባለ። በዚህ ነገር ባለቤታቸው ትንሽ ይለያሉ፤ «ሳያገባኝስ ማን ሰማው?» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም።

በትዳራቸው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። በ1975 ዓ.ም. እርሻውን ለቅቀው የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። የዛሬ ስማቸው የወጣው እዚያ ነው። እሳት አልሰጥ ያለ ሞተር ሲመጣ፣ የሞተሩ ባለቤት የሚወቅሰውን ሰው ስም ከመጥራቱ በፊት፣ «ቀስ በሉ» ይላሉ። መጀመሪያ የማጥፊያውን ሽቦ ይነቅላሉ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቀጥሎ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ፑንቲናውን፣ እሳቱን የሚቆርጡትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች፣ በንጹሕ ወረቀት ይጠርጋሉ። ማግኔቶው ላይ የሚደርሱት መጨረሻ ላይ ነው። አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ፣ «ከሚቀለው ጀምሩ፤ ሰው ከሚያስወቅሰው አትጀምሩ» ይሉ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. እርሻው ያን አሮጌ ትራክተር በጨረታ ሲያወጣ ገዙት፤ የገጠሙለትም ያንኑ አሮጌ ማግኔቶ ነው። ከዚያ ጀምሮ በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ሹፌሩ መጥተው በጋራዡ በር ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ እያየ፣ ትራክተሩን ከላይ እስከ ታች ያጥቡታል። መካኒኩ ውሃው ሳይደርቅ ማኑቬላውን ያዞራሉ፤ ይነሣል። ሹፌሩ በበኩላቸው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሃያ ሁለት ዓመት ያለ አንድ አደጋ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ያም ሆኖ በገበያ መሐል ዛሬም «ውሃ» የሚላቸው አይጠፋም።

ጋሽ ቀስ በሉ በኩላሊት ሕመም አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሲታከሙ ቆዩ። ሐኪሞቹ ተሰብስበው ሲማከሩ እንኳን፣ «ቀስ በሉ፤ ከሚቀለው ጀምሩ» ብለው አስቀዋቸዋል። በመጨረሻው ሳምንት አማቻቸውን አስጠርተው፣ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የአንተን ግን በቁምህ ሳላቃና እንዳልቀር ፈራሁ» አሏቸው። ሹፌሩ እጃቸውን ይዘው፣ «ተኛ፤ ሰው ሬሳ ፊት የሚነበብ ነገር ላይ አይስቅም» አሏቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በ75 ዓመታቸው፣ በቤታቸው ዐረፉ።

ከእንግዲህ የሚያስቧቸው፣ አርባ አምስት ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ባለቤታቸው፣ መምህርቷ የበኩር ልጃቸው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጃቸው፣ ነርሷ የመጨረሻ ልጃቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም የልብ ወዳጃቸውና አማቻቸው፣ የትራክተር ሹፌሩ ናቸው።

በብሎን የተጨፈለቀውና ዕድሜ ልካቸውን ያቆዩት ሽቦ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የፈለገ አንሥቶ ይመልከተው። ውጭ የቆመው ትራክተርም በኑዛዜያቸው መሠረት ዛሬ ማለዳ በሹፌሩ እጅ ታጥቧል፤ ገና አልደረቀም። ይህ ንባብ ሲያበቃ የልጅ ልጆቻቸው ማኑቬላውን ያዞራሉ፤ ሹፌሩ ይነዳሉ፤ አስከሬናቸውም በተጎታቹ ላይ ሆኖ ወደ ማረፊያቸው ይሄዳል። ቤተሰቡ የሚለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ጥፋታቸውን በራሳቸው አንደበት የተናገሩትን የጋሽ ቀስ በሉን ነፍስ፣ የሁሉ ዳኛ በምሕረቱ ይቀበልልን። ላዘኑትም መጽናናትን ይስጥ።