የመኪናህ በር ውሃ ማስገባቱን አቆመ

ለምዬ፣ የልቤ ሰው፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቦሌ ሚካኤል ያው ጭቃ ነው። የአባትህ አሮጌ የጣሊያን መኪናም አንተ ካቆምክበት አልተነቃነቀችም።

ከሥራ ስትመለስ ልብስህን ሳትቀይር ሥሯ ትገባ ነበር። ዝገቷን ፍቀህ፣ ላሜራዋን አስበይደህ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብተህ ጨረስኩ ስትል የመጀመሪያው ዝናብ በበሮቿ ገብቶ ምንጣፉን አራሰው። እኔን ውስጥ አስቀምጠህ ከላይ ውሃ ታፈስ ነበር፤ የሚያንጠባጥብበትን በመስታወቱ በኩል በጣቴ ሳሳይህ እየሳቅህ ምልክት ታደርጋለህ። በመጨረሻ ጠብታ እንዳይገባ አድርገህ ነበር።

የቀበሌው ታጣቂዎች ሊወስዱህ የመጡ ቀን፣ በራሪ ወረቀት ደብቋል ብለው የመኪናዋን በሮች የውስጥ ልባስ ገነጠሉት፤ በበሮቹ ዙሪያ የለጠፍካቸውን ላስቲኮች በሳንጃ ቀደዷቸው። ምንም አላገኙም። አንተን ግን ይዘውህ ሄዱ።

ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ሳመላልስ ከረምኩ። አንድ ቀን ዘበኛው ያመጣሁትን ምግብ እንዳለ መለሰልኝና፣ «ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ። ሬሳህን አልሰጡንም። እርምህን ማውጣትም ተከለከልን።

እናትህ መኪናዋ ውስጥ መግባት የጀመሩት ያን ሰሞን ነው። ከሰዓት በኋላ ገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ በኦሮምኛ ያለቅሱልሃል። የቤታችን ግድግዳ ድምፅ ያሳልፋል፤ እዚያ ውስጥ ግን የሚሰማቸው የለም። ክረምት ሲመጣ ውሃው በተቀደደው ላስቲክ እየገባ ወንበሩን አበሰበሰው፤ እግራቸው ውሃ ውስጥ ሆነ፤ ሳል ያዛቸው።

«እማዬ፣ እባክዎ ቤት ይግቡ» አልኳቸው።

«ቤት ውስጥ ልጄን በምን አፌ ልጥራው?» አሉኝ።

ስለዚህ አንተ ስትሠራ ያየሁትን ለመሥራት ተነሣሁ። አዲስ የበር ላስቲክ በከተማው የለም። ላምበረት ጎማ ከሚጠግኑት ሰዎች የተቀደደ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ለምኜ አመጣሁ፤ በቀጭኑ ቆርጬ በማስቲሽ ለጠፍኩት። ውሃው አሁንም ገባ። ማስቲሹን ወርውሬ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ኋላ የበሩን ሆድ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ በመስታወቱ ሥር የሚወርደው ውሃ ይወጣበት የነበረው የበሩ ግርጌ ቀዳዳ በቅጠልና በዝገት ተደፍኗል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ቀዳዳውን በሽቦ ጠረግሁ፣ በገነጠሉት ልባስ ቦታ የማዳበሪያ ላስቲክ ወጥሬ ለጠፍኩ፣ የላላውን የማጠፊያ ቡሎን አጠበቅሁ።

እናትህን ውስጥ አስቀምጬ ውሃ ሳፈስ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ በአጥሩ በኩል አየን።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ውሃ ታስገባለች፤ እየጠገንኳት ነው።»

«ለማን ብለሽ?» አለና መንገዱን ቀጠለ።

እናትህ የበሩን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ዳሰሱ። ደርቋል።

ትናንት ከባድ ዝናብ ጣለ። እኔም ገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩና በሩን ሳብኩት። አንተ ከሄድክ ወዲህ ድምፄን አውጥቼ ያለቀስኩት ያኔ ነው። እሳቸው በቋንቋቸው፣ እኔ በቋንቋዬ፣ ደረታችንን እየመታን ጠራንህ። ዝናቡ ሲያባራ ፊታችንን በነጠላ ጠርገን ወጣን፤ ጎረቤት ስናገኝም እንደ ደህና ሰው ሰላምታ ሰጠን። ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል።

ለምዬ፣ አልረሳህም። ድንኳን መጣል የሚፈቀድበት ቀን ሲመጣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቤ፣ ባሌ ለማ ሞቷል ብዬ በደጃችን እናገራለሁ። እናትህ እስከዚያ ከቆዩ ከጎኔ ይቆማሉ። ካልቆዩ የሁለታችሁንም ስም እጠራለሁ።

ሚስትህ አስቴር