የሙሉቀንን ገመድ የያዝኩበት ሳምንት

ሰኞ

ዛሬ ገደሉን በአንድ ትንፋሽ ጫፉ ድረስ ወጣሁት። እሺ፣ በሁለት። መሃል ላይ ገመዱ ላይ ተንጠልጥዬ ትንሽ አርፌያለሁ፤ ያ ግን ማረፍ እንጂ መውደቅ አይባልም። ደብተሩ የኔ ነው፣ እንደፈለግኩ እጽፋለሁ። አምና በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። ከማታ ትምህርት ወዲህ ግን ለግንበኞች የባሕር ዛፍ መወጣጫ ከሚያስር ሰው ሁሉ እንደኔ የሚጽፍ ካለ ይምጣ።

ከኔ በኋላ ሙሉቀን ወጣ። ሳያርፍ። ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ያወዛውዛል።

ይህን ልጅ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። የስፖርት አስተማሪው ቲቸር ሳሙኤል ከሐዋሳ ተመድቦ መጥቶ ቢቸና አጠገብ ያለው ገደል ላይ የብረት ቀለበት ሲተክል መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ከሁለት ወር በፊት ሙሉቀንን «ና፣ ሰው እንዴት እንደሚወጣ ላሳይህ» ብዬ ጎትቼ አመጣሁት። አሳየሁት። አየ።

ቲቸር ሰበሰበን። ባሕር ዳር ለሚደረገው የገደል መውጣት ውድድር ቅዳሜ ሞጣ ላይ ማጣሪያ አለ። ከቢቸና ባሕር ዳር የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሁሉ ከፍ ብሎ የደረሰው። ስድስት ነን፣ አራቱ ግን ለአጀብ ነው የሚሄዱት። ነገሩ የኔና የሙሉቀን ነው። «ጥንድ አልቀይርም፤ እስከ ዛሬ ገመድ የያዘልህ ሰው ቅዳሜም ይይዝልሃል» አለ ቲቸር። የሙሉቀንን ገመድ የምይዘው እኔ ነኝ። ገመዱ ወገቤ ላይ ባለው ብረት ያልፋል፤ እሱ ከወደቀ የሚያቆመው የኔ እጅ ነው።

ማክሰኞ

ሙሉቀን ያለው፣ እኔ የሌለኝ፦

ረዥም ጣት።

ጫማ። የመውጫ ጫማ ለሁላችን የመጣው አንድ ጥንድ ነው፤ እሱም በሙሉቀን እግር ልክ። እኔ በኮንጎ ነው የምወጣው።

«ሙሌ» መባል። ቲቸር እኔን «አለምነህ» ይለኛል፣ ስም እንደሚጠራ።

እናቴ። የራሴ እናት። «ሙሉቀን ሲወጣ አየሁት፤ ክንፍ ያለው እኮ ነው የሚመስል» አለችኝ። «እኔስ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «አንተማ ትጠነቀቃለህ» አለች።

እኔ ያለኝ፣ እሱ የሌለው፦ ጠመኔ። የማታ ትምህርቱን ስባሪ ለቅሜ ፈጭቼ እጄን እቀባዋለሁ፤ ላብ ይመጥጣል። መምህራችን «እዚህ ክፍል ጠመኔ የሚበላ አይጥ ገብቷል» ትላለች። እኔም ከሰው ጋር አብሬ እገረማለሁ። እሱንም ቢሆን ዛሬ ሙሉቀን «አያ አለም፣ ትንሽ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት አላውቅም።

ረቡዕ

የመጨረሻው ልምምድ። ቲቸር እስከ ቅዳሜ ድንጋይ የሚነካ እንዳይኖር ብሏል፤ የእጃችን ቆዳ ይረፍ ነው። የሞጣው ድንጋይ እንደኛው ቀጥ ያለ አይደለም አሉ፤ ላዩ ላይ ወደ ውጭ የተገፋ ሆድ አለው።

ስንመለስ ሙሉቀን ጠየቀኝ። «አያ አለም፣ ሆድ ያለው ድንጋይ ላይ ስደርስ ምን ላድርግ? አንተ ሁሌ መወጣጫ ላይ ነህ፣ ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። እግር ነው። ድንጋዩ ወደ ውጭ በገፋህ ቁጥር እግርህን መትከል ነው፤ ክብደትህን እግር ይሸከመዋል። አፌ ግን ሌላ አለ። «እግርህን ልቀቀውና በክንድህ ብቻ ተሳብ። እግር ወደ ታች ይጎትትሃል።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

አመስግኖኝ ሄደ። ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ልጁ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ተስሎ ከነበረ ስለቱ ሰምሮለታል።

ሐሙስ

ሥራ ዋልኩ። መወጣጫ ላይ በተንጠለጠልኩ ቁጥር ዓይኔ እግሬ ላይ ያርፋል። ተተክሎ ይዞኛል።

ስመለስ ሙሉቀን የትምህርት ቤቱ የጎል ብረት ላይ ተንጠልጥሎ በክንዱ ብቻ ይሳባል። እግሩን ለቆ፣ እንደነገርኩት። ከሩቅ እጁን አነሳልኝ። ያላየሁ መስዬ አለፍኩ።

ዛሬ አልሳቅኩም።

አርብ

ሞጣ ገባን። ሚኒባሱ ላይ ሙሉቀን በመስኮቱ በኩል ቦታ ይዞልኝ ነበር። እስከ ደብረ ወርቅ ልነግረው አሰብኩ። ከደብረ ወርቅ ወዲያም አሰብኩ። በምትኩ ቀልድ ቀለድኩ፤ ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ። እኔ ስፈራ ነው ቀልዴ የሚያምረው።

አንድ ጥሩ ነገር፦ መመዝገቢያው ላይ በእስክሪብቶ ፈረምኩ። መዝጋቢው የቀለሙን ሳጥን ገፋ አድርጎልኝ ነበር፣ ለጣቴ። ገፋ አድርጌ መለስኩለት።

ቅዳሜ፣ ሞጣ

የሞጣ ልጆች ገና ስንደርስ «የቢቸና ዝንጀሮዎች መጡ» አሉ። «አዎ፣ ዘመድ ልንጠይቅ» አልኳቸው።

እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ከድንጋዩ ሆድ ሥር ስደርስ እጄ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ወደቅኩ። ሙሉቀን እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ አወረደኝ። «ጎበዝ አያ አለም» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ተራው ደረሰ። ገመዱን ያዝኩ። እኔ የወደቅኩባትን ቦታ አለፋት። ሆዱ ላይ ደረሰ። ዞር ብሎ ቁልቁል አየኝ፣ እንደነገርከኝ ላደርግ ነው በሚል ዓይን። ከዚያ ሁለቱንም እግሩን ለቀቀ።

እንደተሰጣ ልብስ ተወዛወዘ። አንድ ጊዜ ተሳበ። ሁለተኛው አልሆነለትም። ገመዱን የሰካበት የመጨረሻው ቀለበት ከሥሩ ርቆ ስለነበር ብዙ ወረደ። «አይዞህ፣ ይዤሃለሁ» ብዬ ጮህኩ። ገመዱ ከመሬት አንስቶ ከድንጋዩ ጋር አላተመኝ። መዳፌ ተላጠ። አልለቀቅኩም። ሙሉቀን መሬት ሊደርስ የሰው ቁመት ሲቀረው ቆመ።

ዳኞቹ ለኩ። በአንድ ክንድ በልጦኛል። ባሕር ዳር የሚሄደው እሱ ነው። ውሸቴም አልጠቀመኝም ማለት ነው።

ቲቸር ትከሻዬን መታ አድርጎ «ጥሩ ያዥ ነህ» አለኝ። ያዥ። ሰው ወጪ ሊሆን ሄዶ ያዥ ሆኖ ይመለሳል።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሙሉቀን ለመዳፌ ቅባትና ጨርቅ ይዞ መጣ። እያሰረልኝ «ባሕር ዳርም ሆድ ያለው ነው አሉ። ትናንት እግሬን ዘግይቼ ነው የለቀቅኩት መሰለኝ፤ እዚያ ቶሎ እለቃለሁ» አለ።

«አትልቀቅ» አልኩት። «የነገርኩህ ውሸት ነው። እግር ነው የሚሸከምህ።»

«ተሳስተህ ነው?» የማምለጫ በር ከፈተልኝ። ልወጣበት እችል ነበር።

«አይ። ቀንቼብህ ነው።»

ጨርቁን ጠምጥሞ ጨረሰ። ቋጠሮውን ሲያጠብቀው አመመኝ፤ ያሳመመኝ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልጠየቅኩም። ወጥቶ ደጅ ላይ ቆመና «ነገ ከሥራ ስትመለስ ገደሉ ጋ ና። ራስህ እየወጣህ ታሳየኛለህ» አለ። አያ አለም አላለኝም።

እሄዳለሁ። ገመዴን ይይዝልኝ እንደሆነ አላውቅም። ቅናቱም አልለቀቀኝም፤ አሁንም ባሕር ዳርን ሳስብ ይነክሰኛል።

አንድ ነገር ላስተካክል። ቅዳሜ «ጮህኩ» ብዬ የጻፍኩት ፈጠራ ነው። አልጮህኩም። ሲወድቅ አፌ አልተከፈተም። የያዘው እጄ ብቻ ነው።