የእትዬ ዘይነባ የመጀመሪያ ቀን

ሐሙስ፣ መስከረም 18፤ ደሴ

ዛሬ አዲሱ ትምህርት ቤታችን በታላቅ ክብር ተመረቀ። ክብሩ ነበረ፤ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤቱን ያሠራው የበጎ አድራጎት ድርጅት እንግዶች ሪባን ሲቆርጡ ያጨበጨበው የቀበሌው ሊቀመንበር ብቻ ነው አሉ፤ እሱም በአንድ እጁ ስልክ ይዞ። አገሩ በሙሉ ቀብር ወጥቶ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ንጋት ላይ አረፉ። ሕንፃው ሲሠራ ከወንዝ ውኃ በአህያ ያመላለሱት እሳቸው ናቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ በተከፈተ ቀን ዴስክ ላይ ተቀምጠው ፊደል መቁጠር።

ባለፈው ሳምንት፣ እኔ ቀልደኛው መምህር፣ «ከዘገዩ በር ላይ ነው የማቆምዎት!» አልኳቸው።

«ወላሂ እኔ አልዘገይም! ያቺ ሚኒባስህ ገራዶ ላይ ስታስል የምትዘገየው አንተ ነህ። ያን ቀን በር ላይ የማቆምህ እኔ ነኝ።»

ሚኒባሷ ዛሬ ገራዶ ላይ አስላ አስላ ቆመች። ስደርስ ቀብሩ አልቋል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድም ዴስክ የለም። ለካ የቀብር ማኅበራችን፣ ቅሬው፣ ለለቀስተኛ መቀመጫ ሲያጣ አዲሶቹን ዴስኮች ተሸክሞ ሄዷል። ሊቀመንበሩ ቢቆጣ የቅሬው ዳኛ፣ «እሷ ለትምህርት ቤቱ ውኃ ስታመጣለት ከርማለች፤ ዛሬ እሱ ይምጣላት» ብለው አፉን አስያዙት።

ለቅሶው ድንኳን ሄድኩ። ሽማግሌው ሁሉ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በዴስክ ተደርድሯል። እንግዶቹም ከኋላ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

«ና መምህር፣ ተቀመጥ» ብለው ተጠጉልኝ።

«ዘግይቻለሁ» አልኩና በሩ ላይ ቆምኩ።