ከኋላ የጠራሁት ጀልባ

ሞልዬ፣ የልጄ አባት፣

ከደጃችን ከወጣህ አራተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ሰማዩ በጉና በኩል ጠቁሯል፤ የበሽሎም ውኃ መደፍረስ ጀምሯል። እኔ ደህና ነኝ። አንተን እንዴት ነህ ብዬ መጠየቁ ግን እስካሁን አልሆነልኝም።

ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ስትሄድ ፊደል እንደማልለይ ታውቃለህ። ማማው ላይ ወፍ ስጠብቅ የልጃችንን የየሺን የድሮ መጽሐፎች ይዤ እየወጣሁ፣ አንዱን ፊደል ካንዱ እያስተያየሁ ለመድኩት። መጀመሪያ ሳልንተባተብ ያነበብኩት የዘይት ጀሪካን ላይ ያለውን ጽሑፍ ነው። አንብቤ ስጨርስ ጀሪካኑን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ለምን እንደሆነ አንተ አታጣውም።

ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። ጥቁሩ በሬህ አርጅቶ ከቀንበር ወርዷል፤ አሁንም ግን ከደጅ ሲገባ እንደ ድሮው ያገሳል። መሬቱን በእኩል እናሳርሳለን። እናትህ፣ እማማ፣ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው የጎረቤቱን ሁሉ ይሰማል። የሺ እንደ ወትሮው በሽሎ ማዶ ናት። ልጇ፣ ለክርስትናው ስትሄድ የቀረህበት ልጅ፣ ሮጦ ይጫወታል ይሉኝ ነበር። እስከ ሰሞኑ ድረስ አላየሁትም ነበር። በጋም ሆነ ክረምት ወደዚያ ወንዝ መውረድ አቅቶኝ ኖሬአለሁ።

ዛሬ የምነግርህ ስለ ጀልባው ነው።

ካንተ በኋላም ወንዙ ሰው ወሰደ። በመጨረሻ የእኛ ደብር ሰውና የማዶው ሰው ተመካክሮ የብረት ጀልባ ባሕር ዳር አሠራ። ውኃው ሳይሞላ መድረስ ነበረበት፤ ካልደረሰ ደግሞ አንድ ክረምት ሰው በባዶ ጀሪካን እየተንሳፈፈ ሊሻገር ነው። አባ ታደለ፣ የንስሐ አባታችን፣ «አንቺ ማንበብ ትችያለሽ፤ ሄደን እንረከብ» አሉኝና አብሬያቸው ሄድኩ። የሚጎትተው የወገዳው ነጋዴ ሰይድ ነው፣ በኢሱዙው። ሰይድ ገብስና ምስር ሲጭን የኖረ ሰው ነው፤ ጀልባ ጎትቶ አያውቅም።

ብየዳ ቤቱ ጀልባውን ባለሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ጫነልን። የሠራው ሰው እየዞረ አሳየን። አፍንጫው ወደ ፊት ይሁን፣ ክብደቱም ወደ ፊት ትንሽ ያድላ፤ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው እንደ ውሻ ጭራ እየተወዛወዘ መኪናውን ይጥላል አለ። መንጠቆው ቢያመልጥ እንዲይዙት ሁለቱን ሰንሰለቶች ከሥሩ አስተላልፎ አሰረ። ሆዱ የሚያርፍባቸውን እንጨቶች በጆንያ ጠቀለለ። ጀልባውን ከፊትም ከኋላም በናይለን ቀበቶ ጠፍሮ፣ «ትንሽ ሄዳችሁ ቁሙ፤ ማሰሪያውን በእጃችሁ ንኩ፤ እንደገና ሂዱ» አለን። ሰይድ ሳቀ። «ጀልባ ነው የጫንኩት ሙሽራ?» አለ። ግን ታዘዘ። በየመቆሚያው ይወርዳል፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል፣ ግሎ እንደሆነ የጎማውን መሃል በመዳፉ ይነካል፣ ማሰሪያውን ይስባል።

እስቴ ስንገባ ገበያተኛው ከበበን። «ባሕሩ ወዴት ሸሽቶባችሁ ነው?» አለ አንዱ። «ጎሽ! ዘንድሮ ጭቃውን በጀልባ ልናልፈው ነው» አለች ሌላዋ። እኔም ሳቅኩ። ከእስቴ ወጥተን ኮረኮንቹ ከጀመረ በኋላ ግን ሰይድ ለማየት ሲወርድ የኋላው ቀበቶ በጀልባው ጠርዝ ተበልቶ በክር ቀርቶ አገኘው። ሌላ ቀበቶ አልነበረንም። አባ ታደለ አህያ ከሚነዱ ሰዎች መጫኛ ለምነው አመጡ፤ ያንን የምታውቀውን ረጅም የበሬ ቆዳ ጠፍር። ደጋግመው አዙረው፣ እግራቸውን ተሳቢው ላይ አስደግፈው ሳቡት። «አህያ ላይ የጸና ኢሱዙ ላይ አይላላም» አሉ።

ሞልዬ፣ መጫኛውን ሳይ የሄድክበት ጠዋት መጣብኝ።

አንተ ያን ጠዋት ጀሪካኖችህን በመጫኛ አስረህ በትከሻህ አንጠልጥለህ ወጣህ። የናይለኑ ገመድ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ቀርቶ ነበር። አየሁት። መጫኛ ውኃ ሲጠጣ እንደሚረዝም በዝናብ አህያ የጫነ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። አንተ ግን ደጁን አልፈሃል፣ እማማም መርቀውሃል። መንገደኛ ከኋላ አይጠራም፤ ገዱን ያጠፋል። አፌን ከፍቼ ነበር። እማማ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ፤ ዘጋሁት። ውኃው መሃል ላይ ጀሪካኖቹ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ መለያየታቸውን ከማዶ ሆነው ያዩ ሰዎች ነገሩን። ይህን ስንት ጊዜ መቃብርህ ላይ አጉረመረምኩት፤ አዲስ ነገር አይደለም።

በዚያ መንገድ ላይም ዝም አልኩ። ደረቅ ነው፣ ሰማዩም ብራ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እስከ ደብራችን ድረስ ግን ዓይኔን ከጎን መስታወቱ አላነሳሁም። ደህና ገባን። ጀልባው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አደረ። ሌሊቱን ዘነበ።

ጠዋት ወደ ወንዙ የሚወስደውን ቁልቁለት ሊጀምሩ ሰው ሁሉ ወጣ። ያን መንገድ ታውቀዋለህ፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ናዳ ነው። ሰይድና አባ ታደለ ከፊት ገቡ፤ ጎበዛዝቱ በአቋራጭ ቀድመው ወረዱ። እኔ እማማን ይዤ ከሴቶቹ ጋር ቀረሁ። ሽማግሎቹ መረቁ፤ «አሜን» አልን፤ እልል ተባለ። መኪናው ተነሣ። ተሳቢው ፊት ለፊቴ ሲያልፍ መጫኛውን አየሁት። ጠቁሯል፤ ውኃ ጠጥቶ ረዝሞ ተንጠልጥሏል። ጀልባው በየጉድባው ከእንጨቱ ላይ ብድግ ብሎ ይቀመጣል፣ በተቀመጠም ቁጥር ወደ ገደሉ በኩል ይንሸራተታል።

የተመረቀ መንገድ ነው። ሁሉም ቆሞ ያያል። መኪናው ወደ መጀመሪያው መታጠፊያ እየቀረበ ነው። ከዚያ ካለፈ አይሰማም፣ ቢሰማም አይቆምም። እማማ እንደዚያን ቀን ክንዴን ያዙ። አስለቀቅኳቸው። ሞልዬ፣ የእናትህን እጅ አስለቅቄ ሮጥኩ።

«ሰይድ! ኧረ ሰይድ! ቁም!»

«ምን ነካት? አፏን ያዟት!» አለች አንዷ ከኋላዬ። «የሰው ገድ ልታጠፋ!» አልሰማሁም። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። ነጠላዬን ገፍፌ በመስታወቱ እንዲያየኝ ከመንገዱ መሃል ሆኜ አውለበለብኩ። ከመታጠፊያው አፍ ላይ ፍሬን ያዘ። ተሳቢው አንገቱን ሰበረ፣ ጀልባው ጮኸ፣ ቆመ።

ሰይድ ወርዶ አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ጀልባው ግማሽ ሆዱ ከእንጨቱ ወጥቶ ነበር። ድንጋይ ወተፈ፣ ያኔ ያላሰብነውን የኢሱዙውን ሸራ ናይለን ገመድ ፈታ፣ ሸራውን ጥለን ጀልባውን በዚያ አሰርነው። ጠርዙ ገመዱን እንዳይበላው ሴቶቹ ጋቢያቸውን እያወለቁ ሰጡን፤ አፏን ያዟት ያለችውም ሰጠች። አባ ታደለ መጫኛውን ጠቅልለው ያዙና መሬት መሬት አዩ። ያኔ ሰይድ፣ «ግድ የለም አባ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የእናንተ ገድ አድራሻዬን አያውቀውም» አለ፤ ሰዉም እየፈራ ሳቀ። በእግሬ ከተሳቢው ኋላ ኋላ እየሄድኩ፣ በየመታጠፊያው «ቁም» እያልኩ፣ ማሰሪያውን እየነካሁ ወረድኩ። እስከ ወንዙ ድረስ።

የሺ ጀልባው መጀመሪያ ሲሻገር ልጇን ይዛ መጣች። ልጁን አቀፍኩት። ግንባሩ ያንተ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ስመለስ እማማ አጥሩ ሥር እንደተቀመጡ ጠበቁኝ። ተቆጥተዋል ብዬ ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ያን ቀንም ልትጠሪው ነበር?» አሉኝ። «አዎ፣ እማማ» አልኩ። ክንዴን በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ፣ «እኔም ገመዱን ምሰሶው ላይ አይቼው ነበር» አሉኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት አንድ መደብ ላይ ተቀምጠን፣ እኔ የእሳቸውን እጅ ስረግም፣ እሳቸው የገዛ እጃቸውን ሲረግሙ ኖረናል። አቅፌያቸው አለቀስኩ። ካንተ ቀብር ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው።

ገመድህ አሁን ምሰሶው ላይ የለም፤ አውርጄ ለጀልባው ማሰሪያ ሰጠሁት። ስምህ በየዓመቱ በተዝካር ይጠራል፤ እሱ አይቀርም። እኔ የማስብህ ግን በሌላ ነው። ከዚህ ቤት የሚወጣውን መንገደኛ ሁሉ፣ ቢመረቅም ቢከፋውም፣ አንድ ነገር ጎድሎ ካየሁ ከኋላው እጠራዋለሁ። በጠራሁም ቁጥር አስቀድሞ በልቤ የሚወጣው ያንተ ስም ነው። ሞላ! ሞልዬ! ቁም።

የአንተው ጥሩ