የፋና ፊትና ያልተነገረው ምች

ውድ ጸዳለ፣

ለሙት መጻፍ የሞኝ ሥራ ነው ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። የምጽፍልሽ የልጅሽ ፊት ስላስገደደኝ ነው።

የፋናን ብጉር ታውቂዋለሽ። አንቺ ካለፍሽ በኋላ እየከፋ ሄዶ ጉንጮቿን ጎድጎድ ጎድጎድ አድርጎ ለቀቃት። ደሴ ሥራ ከያዘች ወዲህ ጠባሳውን በሌዘር አስጠፋለሁ ብላ ተነሳች። ሌዘሩ የላይኛውን ቆዳ በሙቀት ይልጠዋል፤ ከሥሩ አዲስ ይወጣል።

«እግዜር የሰጠሽ ፊት ምን ጎደለው?» አልኳት።

«ጠባሳውን የሰጠኝ ብጉር ነው፣ አባዬ» ብላኝ አዲስ አበባ ሄደች።

እስክትድን ሐይቅ እኔ ዘንድ መጣች። ፊቷ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ውሃ እያዠ ነበር። ይህ የሚጠበቅ ነው ብሏታል ሐኪሙ። ቅርፊቱን እንዳትነካካ፣ ለወራት ፀሐይ እንዳያገኛት አስጠንቅቋታል፤ የእኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ ፀሐይ ከመታው ጠቋቁሮ ይቀራልና። መስኮቱን በጋቢ ጋረድኩላት።

ከዚያ አንቺ መምጣት ጀመርሽ። የምትመጪው በቀትር ነው። ሐይቁ ጸጥ ሲል፣ ሰው ከዳርቻው ሲሸሽ፣ ቤቱ ዳማከሴ ይሸታል። የጓሮውን ዳማከሴ ከቀብርሽ በኋላ በገዛ እጄ ነቅየዋለሁ። ቅጠሉን በመዳፍሽ ስታሺው ግን እሰማለሁ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ፋና ከጨለማው ክፍል «አባዬ፣ ዳማከሴ ማን አመጣ?» ስትለኝ እርጅና እንዳልሆነ ገባኝ።

በማግስቱ ከንፈሯ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣ። ትኩሳት ያዛት። ወደ ተላጠው ጉንጯም መዛመት ጀመረ። እህትሽ የሺሀረግ ከውጫሌ ልትጠይቃት ስትመጣ ዳማከሴ በፌስታል ይዛ ነበር።

«ምች ነው! ከበር ላይ ያስታውቃል።»

«ፊቷን አትነኪም።»

«ኧረ ጋሼ! እናቷ በምን አሳደገቻት? ክረምት በመጣ ቁጥር ምች የማይለቃት ልጅ!»

«ያኔ ፊቷ ላይ ቆዳ ነበራት።»

«ሸምግለው እንኳ እልህዎ አልሸመገለም!»

ቅጠሉን ተቀብዬ ውጭ ጣልኩትና ለሐኪሙ ደወልኩ።

«ከዚህ በፊት ይወጣባት ነበር?» አለኝ።

«በየክረምቱ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ ቀረች? ምች የምትሉት እኮ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ቫይረስ ነው፤ ሌዘር ይቀሰቅሰዋል። ብትነግረኝ አስቀድሜ መከላከያ ክኒን እሰጣት ነበር። በተላጠ ፊት ላይ ከተስፋፋ ሌላ ጠባሳ ይተዋል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ያድርሷት።»

ፋና ሰምታ አለቀሰች። «በሽታ አለብሽ ወይ ሲለኝ የለብኝም አልኩት። ምች የቤት ነገር ነው፤ ለሐኪም የሚነገር አልመሰለኝም።»

እኔም ብሆን አልነግረውም ነበር።

ጃንጥላ ዘርግቼላት ደሴ ወሰድኳት። ሽታሽ መኪናው ውስጥ ሳይቀር ተከተለን። ልጅሽን ልታክሚ እንደመጣሽ ገብቶኛል፣ ጸዳለ። ቢሆንም በልቤ ጮህኩብሽ፤ «እጅሽን አንሺ፣ ይኼ የምታውቂው አይደለም!» ሆስፒታል ያዘዙላትን ክኒን ጀመረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሽታሽ ጠፋ። ተቀይመሽኝ ይሆን?

ዛሬ መስተዋት ጠየቀችኝ። ቅርፊቱ ረግፏል። ቅላቱ ወራት ይፈጃል ተብሏል። ከንፈሯ ጥግ የቀረው ምልክት ይጥፋ አይጥፋ አይታወቅም። ጉንጮቿ ግን ያንቺ ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ ጠባሳ ሥር አንቺ ተቀምጠሽ ኖሯል።

መስተዋቱን እንደያዘች «አባዬ፣ እማዬን መሰልኩ?» አለችኝ።

ከብት ላጠጣ ብዬ ወጣሁ። ከብቶቹ ጠጥተው ነበር። አፌን ብከፍት የማለቅስ መስሎኝ ነው፤ ልጄ ደግሞ ሳለቅስ አይታኝ አታውቅም። እሷ የፊቷን ቆዳ አስልጣ ስትችለው፣ እኔ አንዲት ቃል ከበደችኝ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ገብቼ «አዎ» እላታለሁ። ብትፈልጊ መጥተሽ ስሚ።

ባልሽ
ዝናው