ሳልሄድ የፈረምኩበት መዝገብ

ረቡዕ

እግሬ ጀሶ ለብሶ ትራስ ላይ ተቀምጧል፤ እኔም እንደ ሙሽራ ተቀምጬ ሁሉ ይቀርብልኛል። ይህን ደብተር ልጄ ሰብለ ናት የሰጠችኝ። "እማዬ፣ ከግድግዳው ጋር ከምታወሪ ጻፊበት" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ማለዳ ከገበያው በላይ ያለውን የውሃ ቦይ ስጠርግ የሲሚንቶ ክዳኑ ከሥሬ ተሰበረ። እስከ ጭኔ ገባሁ። ቁርጭምጭሚቴ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል ሰማሁት። አብራኝ የምትጠርገው ባንቺ ጎትታ አወጣችኝና ደብረ ታቦር ድረስ ወስዳ አሳከመችኝ። ክዳኑ መሰንጠቁን ከተናገርን ቆይተናል። ሥራ ላይ የተጎዳን ሰው ከተማው ያሳክማል፣ ሥራውንም ይጠብቅለታል ይላሉ። እንግዲህ እናያለን።

ሐሙስ

ሰብለ ማመልከቻዬን ይዛ ሄዳ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። ተቆጣጣሪያችን አቶ ሙሉ የመፈረሚያ መዝገቡን ገልጠው አሳይተዋታል። ማክሰኞ ስሜ ፊት ባዶ ነው። "ሥራ አልገባችም፤ ስለዚህ ከተማው አይጠየቅም" አሏት።

ይሄስ የእኛው ጥፋት ነው። ቢሮ ሳይከፈት ስለምንጠርግ መዝገቡ ዘበኛው ጋ ይቀመጣል። ቀድማ የጨረሰች ሄዳ ለጓደኛዋም ትፈርማለች። ስንት ዓመት እንዲሁ ኖርን። ማክሰኞ ግን ባንቺ እኔን ተሸክማ ስትሮጥ ማን ይፈርም?

የገረመኝ ሌላው ነው። መዝገቡ እንደሚለው ትናንትና ዛሬ ፈርሜያለሁ። "እናትሽማ ሥራ ላይ ናት" አሏት። ሰብለ ይህን ስትነግረኝ ዞራ በሩን አየች፣ ሌላ እናት የምትገባ ይመስል።

ዓርብ

ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ዋለ። ጎረቤቴ እማማ ጥሩ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሊጠይቁኝ ገቡና በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

"አንቺ፣ አሁን ቦዩ ጋ ስትጠርጊ አይቼሽ አልፌ የለም እንዴ?"

"በየትኛው እግሬ፣ እማማ?"

"እኔ እንጃ። ጉም ውስጥ ነሽ። ያችን ቢጫ ሰደርያሽን ለብሰሻል። ሰላም ብልሽ ቀና አላልሽም።"

"ኩራት ይዞኝ ነዋ" አልኳቸውና ሳቅን። እሳቸው ግን ሳይቀመጡ ወጡ። ሰደርያዬ ማክሰኞ እዚያው ቦዩ ጋ ነው የቀረው።

ደግሞ ሌላ። ጠዋት ስነቃ ሁለቱም መዳፌ ውሃ ቋጥሯል። ክራንቹ ነው እንዳልል፣ እሱ የመጣልኝ ከሰዓት በኋላ ነው።

ቅዳሜ

ባንቺ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ማልቀስ።

"ዘርፌዋ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ቀሪ ብለው እንዳያባርሩሽ ብዬ። የአንቺንም መንገድ እጠርጋለሁ። ሰደርያሽንም ሲበርደኝ ደርቤዋለሁ።"

"አንቺ ቂል፣ ሥራ ላይ ናት አስባልሽኝ እኮ!"

"እኔ በምን አውቄ፣ እቴ?"

ጀሶው እስኪነቃነቅ ሳቅሁ። ሁለት ቀን ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሣልኝ። "እማማ ጥሩ ዓርብ ያዩት አንቺን ነው ለካ" ስላት ግን ባንቺ አንዴ አየችኝና ነጠላዋን ማስተካከል ያዘች።

እውነቱን ከተናገረች እሷም ትባረራለች። ሦስት ልጆች አሏት። "ሰኞ አብረን እንሄዳለን" ያለችው ራሷ ናት።

እሁድ

ባንቺን ማስባረር አልፈልግም። እግሬንም ማጣት አልፈልግም። ሐኪሙ ብረት ሳያስገባለት አይቀርም። አቶ ሙሉ ፊት የምለውን ለሰብለ ደጋግሜ አልኩላት፤ አንዴም ተመሳሳይ አልሆነም። መዳፌ ይቆጠቁጣል።

ሰኞ

ባጃጁ ቢሮው በር ድረስ አደረሰን። አቶ ሙሉ ጀሶዬን አዩ፣ መዝገቡን አዩ፣ መልሰው ጀሶዬን አዩ።

"ሥራ ላይ ነሽ ይላል" አሉኝ።

"እንግዲያው መጥረጊያዬን ይስጡኝ" አልኩ። የተለማመድኩት ይህን አልነበረም።

ባንቺ "እኔ ነኝ የፈረምኩላት" አለች። አቶ ሙሉ በሐሰት መፈረም እንደሚያስጠይቃት መናገር ሲጀምሩ ዓይኔ ገጹ ግርጌ ላይ አረፈ። በየቀኑ "ሠራተኞቹ መኖራቸውን አረጋግጫለሁ" ተብሎ የእሳቸው ፊርማ አለ።

"አቶ ሙሉ፣ እርስዎስ ማንን አይተው ነው ያረጋገጡት?"

ከዚያ እስክሪብቶ አነሡና ማክሰኞ ሥራ ላይ መጎዳቴን፣ ባንቺም ምስክር መሆኗን ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። የባንቺን ነገር አላነሡትም። ልንወጣ ስንል ግን ጣታቸው ዓርብ ላይ ቆመ።

"ሌላውን ቀን ሳላይ ነው የፈረምኩት፤ እውነት ነው። ዓርብን ግን እኔው ራሴ ወጥቼ አይቼሻለሁ። ቦዩ ጋ ነበርሽ።" ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። ክራንቼን እያዩ ነው ያሉት።

ባጃጁ ውስጥ ባንቺ እጄን ያዘች። ያበጠው መዳፌ ላይ ስትደርስ ለቀቀችኝ።

"ዓርብ እኔ ሐሙሲት ከተማ ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ ዘርፌዋ። ሰደርያሽንም ዘበኛው ጋ ሰቅዬው ነው የሄድኩት።"

መዳፌን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት።

ወረቀቱ ትራሴ ሥር ነው። ከተማው ያሳክመኛል፣ ተመስገን። ሰብለን አንድ ነገር ብቻ ለምኛታለሁ፤ ነገ ማለዳ ጉሙ ሳይነሣ መጥታ አልጋዬ ላይ መኖሬን እንድታይልኝ።